ዝናብና ሣር በጣና ዳር፤ ከክፉ ቀን እስከ ጨረጨራ

ስለ ጣና ሐይቅ የጻፉ የአገር ውስጥም ሆኑ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ደሴት ገዳማቱ፣ ስለ ነገሥታቱ መናገሻዎችና ስለ ዓባይ መነሻ ብዙ ብለዋል። ስለ ሣሩ ግን የተባለው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከባሕር ዳር አንሥቶ እስከ ፎገራና ደንቢያ ሜዳ ድረስ የሚኖረው ገበሬ በሬውን ለእርሻ የሚያደርሰው፣ ላሙን የሚያልበው፣ ጎጆውን የሚከድነው በሣር ነው። ታንኳውን የሚሠራውም የሣር ዘመድ ከሆነው ከደንገል ነው። ስለዚህ የሣሩ ታሪክ የሕዝቡ ታሪክ ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ጽሑፍ ዝናብ ሲለዋወጥ የጣና ዳር ሣር ምን እንደሚሆን፣ እኛ የሙያው ሰዎችም ከዚህ ታሪክ ምን መማር እንደሚገባን ለማሳየት የሚሞክር ነው።

እንደሚታወቀው፣ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። በባሕር ዳር በዓመት በአማካይ ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይህን ውሃ ወደ ሐይቁ ያመጡታል። ሐይቁ ዝቅ የሚለው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ሲሆን፣ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ነው። ዳርቻው ለጥ ያለ ሜዳ በመሆኑም፣ ውሃው ጥቂት ከፍ ባለ ቁጥር ሰፊ መሬት ይሸፈናል፤ ጥቂት በጎደለ ቁጥርም ሰፊ መሬት ይገለጣል።

ከዚህ የተነሣ በአካባቢው ሁለት ዓይነት የግጦሽ ምድር አለ። አንደኛው ከፍ ባለው መሬት ላይ የሚገኝ፣ ሰምበሌጥ፣ ጋጃና ማገጥ የሚበቅሉበት፣ ከሰማይ በቀጥታ በሚወርድ ዝናብ የሚኖር ነው፤ በሰኔ ይለመልማል፣ ከኅዳር በኋላ ይደርቃል። ሁለተኛው የውሃው ዳር ግጦሽ ነው። ሰርዶው፣ ቄጤማውና ሌላውም የረግረግ ሣር ውሃው ሲሸሽ በሚተወው እርጥበት ያድጋል። ክረምት የዘነበው ዝናብ በሐይቁና በሜዳው ተቀምጦ በበጋ ሣር ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው። እረኛውም ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ስለ ነበር በክረምት ከብቱን ወደ ተረተሩ ያወጣል፤ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ በታጨደው ማሳ ላይ ያሰማራል፤ በበጋው ደግሞ የሚሸሸውን ውሃ እየተከተለ ወደ ዳር ይወርዳል። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት የተገኘው ከዚሁ አኗኗር ነው።

ለመሆኑ ብዙ የዘነበበት ዓመት ሁልጊዜ ብዙ ሣር የሚገኝበት ዓመት ነውን? አይደለም። የዘመናችን ጥናት ምክንያቱን በሚገባ ያስረዳል። ኤች. ኤፍ. በርች የተባለው ተመራማሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኬንያ፣ ሙጉጋ ባደረገው ምርምር፣ የደረቀ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ሲርስ በውስጡ ያሉ ረቂቅ ነፍሳት ተነቃቅተው ናይትሮጅን በብዛት እንደሚለቁ አሳይቷል። የመጀመሪያው ዝናብ መጠኑ ትንሽ ሳለ ሜዳው ፈጥኖ የሚለመልመው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ዝናቡ ለሳምንታት ቢቋረጥ፣ ሣሩ በሥሩ ያከማቸውን ምግብ ለቡቃያው ካወጣ በኋላ ቡቃያውን መልሶ ያጣል።

በአሜሪካ፣ ካንሳስ በተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ሙከራ ደግሞ፣ የዝናቡ ድምር ሳይቀነስ በመካከሉ ያለው ደረቅ ጊዜ እንዲረዝምና እያንዳንዱ ዝናብ ከባድ እንዲሆን ሲደረግ የሣሩ ዕድገት ቀንሶ ተገኝቷል። በኮሎራዶ ለብዙ ዓመታት የተሰበሰበው መረጃም ያለፈው ዓመት ድርቅ ጉዳቱን ወደ ቀጣዩ ዓመት እንደሚያሻግር ያመለክታል፤ የተጎዳ ጉቶ የሚያወጣው ቀንበጥ ጥቂት ነውና። በፎገራ ዋልካ አፈር ላይ ይህ ሌላ መልክ ይይዛል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ ወደ ጥልቁ ያስገባል፤ ከዚያም አብጦ ይዘጋና ውሃውን ከላይ ያቁራል። ያን ጊዜ ተጨማሪ ዝናብ ለሰምበሌጡ መታፈን፣ ለቄጤማው ግን ሲሳይ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ሰንሰለት ያሳያል። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው ድል የሆኑበት የደንቢያ ሜዳ ሣር ውሃ ይባላል፤ ስሙ ራሱ የአገሩን ጠባይ ይመሰክራል። በዚያው ዘመን የከብት ደስታ በሽታ በአገሪቱ ገባና አብዛኛውን ከብት ፈጀው። ቀጥሎም ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከታተሉ፤ ሕዝባችን እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውን ያን ዘመን ክፉ ቀን ብሎ ሰየመው። ዝናብ፣ ሣር፣ በሬና እህል አንዱ በሌላው ላይ የቆሙ ናቸው፤ በየትኛውም በኩል ቢበጠስ ሰው ይራባል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የመለኪያ ዘመን ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል የጣናና የዓባይ ውሃ አወጣጥ ተጠቀሰ። እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ባለሙያዎች ሐይቁን አጠኑ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የመስኖ መሥሪያ ቤት የዓባይን ተፋሰስ ሰፊ ጥናት አጠናቀቀ። የእነዚህ ጥናቶች እምብርት ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ነበር፤ ሣሩ አልነበረም።

የዚህ አመለካከት ውጤት በዘመናችን ታየ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በር ላይ በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. መዝጊያዎቹ ወደ ሰባት ከፍ አሉ፤ የጢስ ዓባይ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫም ሥራ ጀመረ። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሲያንስና ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውሃ ሲበዛ፣ ሐይቁ በሰኔ 1995 ዓ.ም. ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ አለ። መርከቦች ቆሙ፤ ደንገሉ ከውሃ ራቀ፤ የተገለጠውም ዳርቻ ታረሰ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ተመርቆ ውሃው በምዕራብ በኩልም በዋሻ መውጣት ጀመረ። ስለሆነም ዛሬ የዳር ሣር የሚበቅልበትን ጊዜ የሚወስነው ሰማይ ብቻ አይደለም፤ የመዝጊያው ከፈታና መዘጋትም ጭምር ነው።

በዚህ ላይ ሩዝ የፎገራን ሜዳ ለብሷል። ሩዙ ለገበሬው ገንዘብ፣ ለከብቱም ገለባ ማስገኘቱ አይካድም፤ ሆኖም የወሰደው በበጋ ከብት ይወርድበት የነበረውን መሬት ነው። በቀረው ግጦሽ ላይ ከብት የማይደፍረው አሜከላ ተስፋፍቷል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም እምቦጭ በሐይቁ ዳር ተንሰራፍቷል። እንግዲህ በአንድ ክፉ ክረምት የተረተሩ ሣር ቢጠፋ፣ የአባቶቻችን መጠባበቂያ የነበረው የዳር ግጦሽ እንደ ቀድሞው ተዘርግቶ አይጠብቀንም።

የማኅበራችን አባላት ከዚህ ሁለት ነገር ልንማር ይገባናል። መጀመሪያ፣ የዝናብ መለኪያ ባለበት ሁሉ ከብት የማይገባበት ትንሽ የሣር ቦታ ይከለል፤ ሣሩ በመስከረም መጨረሻና በኅዳር እየታጨደ ይመዘን። ሜዳው የለመለመበት ቀን፣ ዝናብ የተቋረጠባቸው ቀኖች ብዛት፣ ውሃው ከዳር የሸሸበት ሳምንት አብረው ይጻፉ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትጋት ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ሐይቁ ከፍታ በሚመከርበት ጉባኤ ከኤሌክትሪኩ፣ ከመስኖውና ከመርከቡ ጎን ሣሩም እንደ አንድ ባለ ጉዳይ ይቆጠር፤ እረኛውም ይጠየቅ። ያለፈው መቶ ዓመት የጣናን ውሃ መዝገብ አስረክቦናል፤ የሣሩን መዝገብ ጽፎ ለተከታዩ ትውልድ ማስረከብ የእኛ ድርሻ ነው።