ዴዝክሎው፣ ካዛዶርና ዘመዶቻቸው፦ ፎልአውት ላይ በእውነት የሚከብደው ጭራቅ የቱ ነው?

ፎልአውት ኒው ቬጋስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ጉድስፕሪንግስ ከምትባል አቧራማ መንደር ነው። ጭንቅላቱን በጥይት ተመትቶ የተረፈ መልዕክተኛ ነው፤ የመታውን ሰው ፍለጋ ወደ ኒው ቬጋስ መድረስ አለበት። ካርታውን ሲከፍት ከተማዋ ወደ ሰሜን ናት። መንገዱም ወለል ብሎ ይታያል። ጌሙ በግድ አያስቆመውም።

እና ይሄዳል። በእጁ ተራ ሽጉጥ፣ በኪሱ ጥቂት ጥይት። ከመንገዱ አጠገብ ካለ የድንጋይ ካባ በሁለት እግሩ የሚሮጥ፣ ቀንድና ረጅም ጥፍር ያለው ነገር ብቅ ይላል። መልዕክተኛችን ተኩሶ ሳይጨርስ ሞቷል። እንደገና ይሞክራል፣ አሁንም ሞት። ሦስተኛ ላይ «ይሄ ጌም ተበላሽቷል እንዴ?» ይላል።

አልተበላሸም። የገጠመው ዴዝክሎው ነው። ገጻችን ላይ የጌም ወዳጆች ብዙ ስለሆናችሁ ዛሬ ስለዚህ ፍጥረትና ስለ ብጤዎቹ እናወራለን። በተለይ አንድ ነገር እናያለን፦ አንድን ጭራቅ ከባድ የሚያደርገው ምንድን ነው? የጤናው ብዛት ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ለማታውቁት ባጭሩ። ፎልአውት በ1997 ኢንተርፕሌይ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተጀመረ ተከታታይ ጌም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በታሪኩ ኦክቶበር 23 ቀን 2077 የኑክሌር ጦርነት ዓለምን ያወድማል፤ የተረፉት ቮልት በሚባሉ የመሬት ውስጥ መጠለያዎች ተደብቀው ይቆያሉ። እናንተ የምትጫወቱት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጨረር በበላው ምድር ላይ ነው። በረሮው የድመት ያህል አድጓል፣ ጊንጡ ከመኪና ይስተካከላል። ሰውም የቀረለት የለም።

ዴዝክሎው ግን የጨረር ልጅ ብቻ አይደለም። ከጦርነቱ በፊት የአሜሪካ መንግሥት በወታደር ፈንታ አደገኛ ቦታ ገብቶ የሚዋጋ ፍጥረት ፈልጎ በላብራቶሪ የሠራው ነው። መነሻው የጃክሰን እስስት የምትባለው እንስሳ ናት። በነገራችን ላይ ይቺ እስስት እውነተኛ ናት፤ ወንዱ ፊቱ ላይ ሦስት ቀንድ አለው፣ አገሯም ጎረቤታችን ኬንያና ታንዛኒያ ነው። እንግዲህ የጌም ዓለም አስፈሪው ጭራቅ ዘሩ ሲቆጠር ከኛው ሰፈር ይወጣል ማለት ነው።

በመጀመሪያው ጌም ዴዝክሎው የሚታወቀው በወሬ ነው። ሀብ የምትባል የነጋዴዎች ከተማ አለች። ካራቫኖች ወጥተው አይመለሱም፤ ማን እንደወሰዳቸው ስትጠይቁ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዴዝክሎውን ይጠራል። እንዲህ ያለ አውሬ መኖሩን የሚጠራጠርም አለ። ፍለጋው ወደ ዋሻው ያደርሳችኋል። አውሬው እውነት ነው፣ ያደቃችኋል። ግን እዚያው ዋሻ ውስጥ የምታገኙት ማስረጃ ካራቫኖቹን የሚወስዱት ሱፐር ሚውታንቶች መሆናቸውን ይነግራችኋል። አያችሁ፣ ጌሙ ጭራቁን ከማሳየቱ በፊት ፍርሃቱን አስቀድሞ ሰጣችሁ፤ ከዚያ ደግሞ የፈራችሁት ነገር ዋናው ጠላት እንዳልሆነ ነገራችሁ። በ1998 የወጣው ፎልአውት 2 ባሰ፦ የሚያወሩ ዴዝክሎዎችን አመጣ። ጎሪስ የሚባለው አብሯችሁ ይጓዛል፣ ለራሱም ረጅም ካባ ለብሶ ማንነቱን ይሸፍናል። ቀንድ ያለውን ሁሉ እየተኮሳችሁ ለመጣችሁ ይሄ ራሱ ፈተና ነው።

አሁን ወደ ድንጋይ ካባው እንመለስ፤ ምክንያቱም እኛ እንደምናየው ከሁሉም የተሻለው ምሳሌ እሱ ነው። ቦታው ኳሪ ጀንክሽን ይባላል። ሰራተኞቹ አጠገቡ ስሎን በምትባል ሰፈር ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል፤ ካባውን ዴዝክሎዎች ስለያዙት ሥራ የለም። ሰውየው ሌቭል 1 ሆኖ ቢሄድም እዚያው ናቸው፣ ሌቭል 30 ሆኖ ቢመጣም እዚያው ናቸው። እናንተን አይጠብቁም፣ ለእናንተ ብለውም አይዳከሙም።

ታዲያ ይሄ ለምን ጥሩ ሆነ? ኦብሲዲያን በ2010 ጌሙን ሲሠራ ተጫዋቹን መጀመሪያ ወደ ደቡብ ሊልከው ፈልጓል፦ ወደ ፕሪም፣ ወደ ኒፕተን፣ ከዚያ ወደ ኖቫክ፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ሰሜን። በዚህ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ላይ ነው በረሃውን ማን እንደሚገዛው፣ ማን ማንን እንደሚጠላ የምታውቁት። ይህን ለማድረግ ግንብ መሥራት ይችል ነበር። «ይህ መንገድ ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ማውጣትም ይችል ነበር። እሱ ግን ዴዝክሎ አስቀመጠ። በሩ ክፍት ነው፣ ነብር አየኝ በል ነው ነገሩ። ደፋር ከሆናችሁ ሞክሩ።

ደግሞ እኮ ይቻላል! በጉድስፕሪንግስ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ካዝና አለ፤ እሱን መክፈት የቻለ ሰው ስቴልዝ ቦይ የሚባለውን ከእይታ የሚሰውር መሣሪያ ያገኛል። እሱን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በየድንጋዩ እየተደበቀ ያለፈ ሰው ጨዋታው በተጀመረ በትንሽ ጊዜ ቬጋስ በር ላይ ይቆማል። አንዲት ጥይት ሳይተኩስ። ሌላው ደግሞ በደቡብ ዞሮ፣ አድጎ፣ ጥሩ መሣሪያ ይዞ ተመልሶ ካባውን ያጸዳዋል፤ ስሎን ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ ተልዕኮ አለ፣ መንጋውን የሚመራውን ወንድና እናቲቱን መግደል ነው። ያኔ የሚሰማውን ስሜት ሌላ ነገር አይሰጠውም። ያሸነፈው መጀመሪያ ቀን የገደለውን ራሱን ዴዝክሎ ነው፤ የተለወጠው ተጫዋቹ ነው።

በሌላኛው በኩል፣ በኮረብታው ተጠግቶ ለማለፍ ያሰበውን ካዛዶር ይጠብቀዋል። የብዙ ተጫዋች እውነተኛ ጠላት እንዲያውም እሱ ነው። መልኩ ብርቱካናማ ክንፍ ያለው ግዙፍ ተርብ ነው፤ ታራንቱላ የሚባለውን ሸረሪት ከሚያድነው እውነተኛ ተርብ ተነስቶ ቢግ ኤምቲ በሚባለው የምርምር ማዕከል የተሠራ ነው። ጤናው ከዴዝክሎ ጋር አይወዳደርም። ግን ይፈጥናል፣ እየተወዛወዘ ስለሚበር አይታለምም፣ በመንጋ ይመጣል፣ ሲነድፍ ደግሞ መርዙ ጠላት ከሞተ በኋላም መብላቱን ይቀጥላል። መድኃኒቱ የመርዝ ማርከሻ መያዝ ነው፤ ስትተኩሱ ደግሞ አካሉን ትታችሁ ክንፉን ምቱት። ክንፉ የተሰበረ ካዛዶር መሬት ለመሬት የሚጎተት ምስኪን ነው።

ይሄ ምክር ለዴዝክሎም ይሠራል። እግር! ሁሌም እግር። ዴዝክሎን ገዳይ የሚያደርገው ወደ እናንተ የሚደርስበት ፍጥነት ነው፤ እግሩ ሲሰበር ከሩቅ የምትጫወቱበት ዒላማ ይሆናል። በፎልአውት 3 ዳርት ገን የሚባል ከቁርጥራጭ የሚሠራ መሣሪያ አለ፤ በመርዙ እግርን ወዲያው ሽባ ያደርጋል። ርካሽ ነው፣ ድምፅም የለውም፤ ኦልድ ኦልኒ የምትባለው የዴዝክሎ ከተማ ውስጥ ከትልልቅ ጠመንጃዎች በላይ ነፍስ ያተርፋል። ቫትስ የሚባለው ጊዜን አቁሞ የአካል ክፍል የሚያስመርጠው ዘዴም ጭንቅላት ብቻ ለመምታት የተሠራ አይደለም።

እንግዲህ ከባድ ማለት ይሄ ነው እንላለን። አይታችሁ የምትማሩት፣ ሌላ መንገድ የምትፈልጉለት፣ በደንብ ብታስቡ የምታልፉት። ሌላ ዓይነት ከባድ ደግሞ አለ፤ እሱን አንወደውም።

ፎልአውት 3 በ2008 በቤቴስዳ እጅ ሲወጣ የሌቭል ጣሪያው 20 ነበር። ብሮክን ስቲል የተባለው ተጨማሪ ክፍል ወደ 30 አሳደገው። ተጫዋቹ ሲጠነክር ጠላትም መጠንከር ነበረበት፤ ስለዚህ ነጭ ግዙፍ ጊንጥ፣ ሪቨር የሚባል ጉል እና ኦቨርሎርድ የሚባል ሱፐር ሚውታንት ተጨመሩ። ችግሩ ምንድን ነው፣ አዲስ ነገር ብዙም አያስተምሯችሁም። ጥይት ይጠጣሉ። ነጩ ጊንጥ ያው ጊንጥ ነው፤ ትተኩሳላችሁ፣ ወደ ኋላ ትሸሻላችሁ፣ ትተኩሳላችሁ፣ አሁንም ቆሟል። ስትጨርሱ አሸነፍን ሳይሆን «ያ ሁሉ ጥይት!» ነው የምትሉት።

ሴቲንግ ገብቶ ችግሩን «በጣም ከባድ» ላይ ማድረግም ብዙ ጊዜ ያው ነው። ጭራቁ አይብልጥም፣ ሌላ ዘዴም አያመጣም። የእናንተ ጥይት ይቀላል፣ የሱ ቡጢ ይከብዳል፣ አለቀ።

የ2015ቱ ፎልአውት 4 ደግሞ በተቃራኒው ተሳሳተ። ኮንኮርድ የምትባለው ከተማ ላይ፣ ጨዋታው ገና እንደተጀመረ፣ ፓወር አርመር የሚባለውን የብረት ልብስና ሚኒገን ይሰጣችሁና ዴዝክሎ ከመሬት ሥር ይወጣላችኋል። ትዕይንቱ ያምራል፣ አንክድም። ግን የተከታታዩ ትልቁ ፍርሃት በመጀመሪያው ሰዓት የመለማመጃ ዒላማ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዴዝክሎ ስታዩ «አዎ፣ አንዱን ገድያለሁ» ትላላችሁ።

ይህን በከፊል ያረመው በ2016 የመጣው አዲሱ ሰርቫይቫል ሞድ ነው። እዚህ ጋ እናንተም የምታደርሱት ጉዳት ጨምሯል፣ የሚደርስባችሁም ጨምሯል፤ ውጊያው አጭርና ገዳይ ሆነ። ዋናው ግን ሌላ ነው። ሴቭ ማድረግ የምትችሉት ስትተኙ ብቻ ነው፣ በካርታ ላይ ነክታችሁ መዝለልም የለም። በዚህ ሞድ ማንም የሚንቀው ዝንብ መሰሉ ብሎትፍላይ እንኳን ያስፈራል፤ ምክንያቱም የሚወስድባችሁ የአንድ ሰዓት ልፋት ነው። ጭራቁ ያው ነው፣ የሞት ዋጋ ነው የተወደደው። መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊሄድ በሚችልበት ቤት ግን ይህን ሞድ ከመክፈታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡበት።

ሌሎቹን በፍጥነት እንለፋቸው። ሸርጣን መሰሉ ሚርለርክ ቅርፊቱ ጥይት ያነጥራል፤ ፊቱን ጠብቃችሁ ምቱ። ጉሎች ከጨረር ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱበትም፤ የሚያበራው ጉል የሚረጨው ጨረር ለእናንተ መርዝ፣ ለጓደኞቹ ፈውስ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አስወግዱ። ፎልአውት 4 ላይ ጊንጡ መሬት ውስጥ ገብቶ ከሥራችሁ ስለሚወጣ አንድ ቦታ ቆማችሁ አትጠብቁት። እዚያው ጌም ላይ «ቢፕ ቢፕ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ትንሽ ኑክሌር ታቅፎ የሚሮጥባችሁ ሱፐር ሚውታንት ነው፤ ቦምቡን የያዘበትን እጁን ከሩቅ ምቱት፣ ካልቻላችሁ እግሬ አውጪኝ። በ2024 የወጣውን የአማዞን ተከታታይ ፊልም ያያችሁ ደግሞ በመጨረሻው ክፍል አሸዋ ላይ የወደቀውን ትልቅ የራስ ቅል ታስታውሱ ይሆናል። የዴዝክሎ ነው።

«ኮምፒውተርም ፕሌይስቴሽንም የለኝም» ለምትሉ፣ ፎልአውት ሼልተር ከ2015 ጀምሮ ስልክ ላይ በነፃ አለ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የቮልቱ ኃላፊ እናንተ ናችሁ፤ ሰው ታስገባላችሁ፣ ክፍል ትቆፍራላችሁ፣ መብራት፣ ውኃና ምግብ ታመርታላችሁ። እዚህም ጭራቁ የሚመጣው እናንተ በምትወስኑት ውሳኔ ነው። ምርት ለማፋጠን ክፍሉን አጣድፋችሁ ካልተሳካ እሳት ወይም በረሮ ይነሳል። ከባዱ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ክፍሎቹን ባሳደጋችሁ ቁጥር እዚያ የሚነሳው አደጋም ይጠነክራል። ስለዚህ መሣሪያ ሳይኖራቸው ክፍል ብቻ የሚያሳድጉ ሰዎች ቮልታቸው በበረሮ ሲያልቅ ግራ ይገባቸዋል።

ዴዝክሎዎቹ የሚመጡት የሕዝባችሁ ቁጥር 60ን ሲያልፍ ነው። በሩን ሰብረው ይገባሉ፣ ከክፍል ወደ ክፍል እያለፉ ይወርዳሉ፣ ባዶ እጁን ያለውን ሁሉ ይጨርሳሉ። ስለዚህ 50 አካባቢ ስትደርሱ ሰው ማስገባቱን አቁሙ። ኢንዱራንስ የሚባለውን ችሎታ ገና በዝቅተኛ ሌቭል ያሠለጠናችሁት ሰው ሌቭል በጨመረ ቁጥር የሚያገኘው ጤና ስለሚበልጥ፣ አዲስ የገቡትን ሥራ ከማስያዛችሁ በፊት መጀመሪያ እዚያ ክፍል አስገቧቸው። ከዚያ ያላችሁን ምርጥ ጠመንጃዎች በሩ ላይ ለሚቆሙት ሁለት ሰዎችና ከበሩ ቀጥሎ ላለው ክፍል ስጡ። 61ኛውን ሰው ከዚያ በኋላ አስገቡት።