የስሜን ደገኞች ትንፋሽና የልብ ሕሙማን ከመተንፈሻ መሣሪያ መላቀቅ

ልቡ በቀዶ ጥገና የተጠገነለት ሰው ለጊዜው የሚተነፍሰው በመሣሪያ ነው። መሣሪያው ያለ ጊዜው ከተነሣ ሕመምተኛው ሊታፈን ይችላል፤ ከቈየም ሳንባው ለበሽታ ይጋለጣል፥ የመተንፈሻው ጡንቻም ይዝላል። ታዲያ ሐኪሙ ትክክለኛውን ሰዓት በምን ይለያል? ይህስ ከደባርቅና ከዳባት ሰው ጋራ ምን ያገናኘዋል? ታሪኩን ባጭሩ እንመርምር፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፥ ብዮርን ኢብሰን የተባለው ሐኪም በሕሙማኑ ጉሮሮ በተከፈተ ቀዳዳ አየር ማስገባትን አሳየ፤ የአየሩን ከረጢት ቀንና ሌሊት በእጃቸው እየጨመቁ ብዙዎችን ያተረፉትም የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። የደሙን ጋዝ በትክክል ለማወቅ ግን ደም መቅዳት ያስፈልግ ነበር። በ1974 ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ የልብ ምትን እየተከተለ የደምን ኦክሲጅን በብርሃን የሚለካበትን ዘዴ አስታወቀ፤ ዛሬ በጣት ጫፍ የሚሰካው ኦክሲሜትር የዚህ ፍሬ ነው።

የስሜን ሰው አካልና ትንፋሽም ተጠንቷል። በ1969 ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በ3,000 ሜትር ገደማ ያሉትን የደባርቅ ሰዎች በ1,500 ሜትር ገደማ ካሉት ከአዲ አርቃይ ሰዎች ጋራ አነጻጽረው ጻፉ። በ2002 ደግሞ ሲንትያ ቢል፥ አምሃ ገብረ መድኅንና ሌሎች ባልደረቦቻቸው በስሜን በ3,530 ሜትር የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው፥ የደማቸው የኦክሲጅን ሙላት በአማካይ 95.3 ከመቶ መሆኑን ገለጹ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ «ደገኛ ነውና ቍጥሩ ዝቅ ቢል አያስደንቅም» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሁለተኛ፥ ደገኛ ሁሉ አንድ ስላልሆነ የእያንዳንዱ ልክ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይመዝገብ፤ ያን ልክ በሽታው ራሱ ዝቅ አድርጎት እንደ ሆነም ይመርመር። በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል የተከፈተባት አዲስ አበባ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነውና፥ በቈላና በባሕር ጠረፍ አገሮች የተወሰነ ልክ ብቻውን አይበቃም። ሦስተኛ፥ ኦክሲሜትር ሁሉን አይናገርም፤ ተጨማሪ ኦክሲጅን ሲሰጥ ትንፋሹ እየደከመም ቍጥሩ መልካም ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ራሱን ችሎ እንዲተነፍስ ሲሞከር፥ የትንፋሹ ብዛት ይቈጠር፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በካፕኖግራፍ ይታይ፤ ጥርጣሬ ሲኖር ግን ደም መቅዳት አይቀርም።

የጐንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ የሕዝብ ጤና ጥናት ባካሄደባት በዳባት፥ የጤነኞች ልክ በደጋውም በቈላውም ቢሰበሰብ፥ ሐኪሙ ከስሜን የመጣውን ሕመምተኛ የሚያመዛዝነው በራሱ አገር ሚዛን ይሆናል። ይህም ሥራ ከተማሪ ዐቅም በላይ አይደለም።