«አቤት» ስለሚለው ቃል

መምህር ማለዳ ስም ሲጠራ ተማሪው «አቤት» ብሎ ይመልሳል። ቃሉ ከአፍ የማይለይ ስለሆነ ምንጩን የሚመረምር ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በዚህ አጭር ቃል ውስጥ የሀገራችን የፍርድ ታሪክ ተሰውሮ ይገኛል።

«አቤት» ለተጠራ ሰው መልስ፥ ለተበደለ ሰው ደግሞ ጩኸት ነው። በመዝሙረ ዳዊት ግእዙ «እግዚኦ» የሚለውን አማርኛው «አቤቱ» ይለዋል። «አቤቱታ» የተባለውም ስም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው።

እንግሊዞችም ለዚህ የሚቀርብ አሮጌ ቃል አላቸው። «ሂው» ማለት ጥንት ጩኸት ነበረ፤ ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን ዛሬ በዚህ ትርጉሙ የሚኖረው «ሂው ኤንድ ክራይ» በተባለው ሐረግ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ድንጋጌ፥ ይህ ጩኸት ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ ወንበዴውን እንዲያሳድድ፥ ወንበዴው ባይያዝ ግን ወረዳው ካሣ እንዲከፍል ያዝዝ ነበር። ድንጋጌው በ1827 ተሻረ፤ ቃሉ ግን ቀረ።

የእነርሱ ጩኸት ወደ ጎረቤት የሚሄድ ነው። በእኛ ዘንድ ለጎረቤት እሪታና ኡኡታ አለ፤ ባላጋራን ለማቆም «በሕግ አምላክ» ይባላል፤ «አቤት» ግን ወደ ዳኛ የሚወጣ ድምፅ ነው።

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፥ ባለጉዳዮች ከንጉሡ ደጅና መስኮት ሥር ቆመው ከማለዳ እስከ ማታ ፍርድ እየለመኑ ይጮኹ እንደ ነበር ጽፏል። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ እውነተኛ ተበዳይ ሲያንስ ቤተ መንግሥቱ ጭር እንዳይል፥ ለንጉሡም ክብር ሲባል፥ እንዲጮኹ የተቀጠሩ ሰዎች ነበሩ ማለቱ ነው። እንግዲህ ጩኸት ጌጥ በሆነበት ደጅ የእውነተኛው ተበዳይ ድምፅ በምን ተለይቶ ይሰማል?

በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ አቤቱታውን በሕግ ሥርዓት ለመንግሥት የማቅረብ መብት እንዳለው ደነገገ። ጩኸቱም ወደ ወረቀት ተዛወረ። መጻፍ የማይችል ሰው ግን ጸሐፊ መፈለግ ግድ ሆነበት፤ ፊደል ማወቅ የፍርድም ጉዳይ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ስለዚህ ልጁ «አቤት» ሲል መምህሩ ሁለት ነገር ያስብ፤ አንደኛ፥ ልጁ ነገ በደሉን ራሱ ጽፎ እንዲያቀርብ ማስተማርን፤ ሁለተኛ፥ ዛሬ በክፍሉ ውስጥ ለሚያቀርበው አቤቱታ ጆሮ መስጠትን። ሰሚ የሌለው «አቤት» ባዶ ልማድ ሆኖ ይቀራልና።