የጎንደሩ የሐር መጋረጃ

በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፈ አንድ የሐር መጋረጃ ዛሬ በለንደን፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ቢጤው ደግሞ በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ፣ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አለ፤ ቁመቱ ከአምስት ሜትር ይበልጣል። ሁለቱም በጎንደር ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት የተሸመኑ ናቸው። ስለ መቅደላ ዘረፋ ሲነሳ ዘውዱ፣ ጽዋውና ታቦታቱ ይጠራሉ፤ ለዚህ ጨርቅ የሚቆረቆር ሰው ግን ብዙም አልሰማሁም። ለእኔ ከሀገራችን ታላላቅ የሥነ ጥበብ ሥራዎች አንዱ ነው።

አሠራሩ ዛሬ ከምናውቀው የተለየ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ድሩን ይከፍትና መወርወሪያውን ይሰዳል። የጎንደሩ ሸማኔ ድሩን የሚከፍተው በትንንሽ አራት ማዕዘን ሰሌዳዎች ነበር። እያንዳንዱ ሰሌዳ በአራቱ ማዕዘን ቀዳዳ አለው፤ በየቀዳዳው አንድ የድር ፈትል ያልፋል። ሰሌዳው ሩብ ዙር በዞረ ቁጥር ፈትሎቹ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ፤ ላይ የነበረው ይወርዳል፣ ታች የነበረው ይወጣል፣ በተከፈተውም መካከል ማጉ ይገባል። በሌላው ዓለም በዚህ ስልት የሚሠራው በአብዛኛው መቀነትና ጠባብ ጥብጣብ ነው። ጎንደር ላይ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተደርድረው የመቅደስ መጋረጃ ወጣባቸው።

ጨርቁ ላይ የሰው ምስል ለማውጣት የትኛው ሰሌዳ ወደፊት፣ የትኛው ወደኋላ እንደሚዞር በየመስመሩ መወሰን አለበት። ሠዓሊ ግድግዳ ላይ የሳተውን ደርቦ ይቀባዋል፤ ሸማኔ ግን የሳተውን መተርተር ግዴታው ነው። ስለዚህ የሚሸመነው ሰው ከእግሩ እስከ ዘውዱ፣ ገና የመጀመሪያው ማግ ሳይገባ፣ በሸማኔው ልብ ተስሎ ማለቅ ነበረበት። የቀረው ቆጠራ ነው፤ ሐሳብ አንዴ ከተበተነ የሚበላሽ ረጅም ቆጠራ። ይህን ተመስጦ ከጸሎት ለይቼ ማየት ይቸግረኛል።

በለንደኑ ጨርቅ ላይ ያሉትን ምስሎች አጥኚዎች ዐፄ በካፋን፣ እቴጌ ምንትዋብንና ልጃቸውን ኢያሱን ሳያሳዩ አይቀሩም ይላሉ። የሸማኔዎቹን ስም ግን የጻፈልን የለም። በዚያ ዘመን በጎንደር ሽመና በአመዛኙ የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤላውያን ሙያ ነበር፤ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ሁለቱም ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖባቸዋል። መቅደሱን የጋረደውን ሐር የሸመኑት የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ሲታሰበኝ ልቤ ይነካል።

የሰሌዳ ሽመና ዛሬ በሸማኔዎቻችን እጅ የለም፤ የቀረው መምህር ጨርቁ ራሱ ነው። የመቅደላው መጋረጃ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ከታቦታቱ ጋር አብሮ መነሳት አለበት። እስኪመለስ ድረስ ደግሞ የዶርዜና የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ለንደን ሄደው በቅርብ እንዲመረምሩት ዕድል ይሰጣቸው። ፈትሉ ወደየት እንደተጠማዘዘ፣ ዙሩ የት ላይ እንደተቀለበሰ ለይቶ መቁጠር የሚችለው ዕድሜውን ከድርና ማግ ጋር ያሳለፈ ሰው ነው።