የብስክሌት ኮርቻ ከፍታ ታሪካዊ አመጣጥ

ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 በማንሃይም ለሕዝብ ያሳያት ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ፔዳል ስላልነበራት፣ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድባት ነበርና፣ ኮርቻዋ ሁለቱም እግሮች መሬት እስኪነኩ ዝቅ ማለት ነበረበት። በ1870ዎቹ በተስፋፋው፣ የፊት ጎማው እጅግ ግዙፍ በሆነው ብስክሌት ላይ ግን ፔዳሉ በቀጥታ ከዚሁ ጎማ እምብርት ጋር ስለተያያዘ፣ የጎማው መጠን የሚመረጠው በነጂው የእግር ርዝመት ልክ ነበር፤ ስለዚህም እግረ ረጅሙ በትልቅ ጎማ ሲፈጥን አጭሩ በትንሹ ይወሰን ነበር።

ይህን አድልዎ ያስቀረው ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1885 በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ያወጣው «ሮቨር» ሲሆን፣ የፔዳሉን ኃይል በካቴና፣ ማለትም በሰንሰለት፣ ወደ ኋላ ጎማ ስላስተላለፈ፣ የጎማው መጠን በእግር ርዝመት መወሰኑ ቀረ፤ የኮርቻው ከፍታም ለብቻው የሚስተካከል ሆነ።

ሃምሌይና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኮርቻው አናት እስከ ታችኛው የፔዳል ደረጃ ያለው ርቀት ከብሽሽት እስከ መሬት ያለውን ልክ 109 በመቶ ሲሆን ለአጭርና ብርቱ ጥረት እንደሚበጅ አመለከቱ፤ በዚህም ስሌት ብሽሽቱ 80 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ነጂ ርቀቱ 87.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሆኖም ኮርቻው ዝቅ ሲል ጉልበት ከልክ በላይ ስለሚታጠፍ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ዳሌ ግራና ቀኝ ስለሚዋልል፣ ይህ ልኬት በየነጂው ምቾት የሚታረም መነሻ ነው።