ፈቃደኝነትና ምርመራ፦ የአውሮፓ ኩባንያዎች የማኅበራዊ ኃላፊነት ኅብረቶች አጭር ታሪክ

በ1865 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ በሚገኝ አንድ የቢራ ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ቦይለር ፈንድቶ ሕይወት ጠፋ። በዚያ ዘመን የቦይለር መፈንዳት እንግዳ ነገር አልነበረም፤ አዲስ የነበረው ከአደጋው በኋላ የተደረገው ነው። በ1866 የአካባቢው የቦይለር ባለንብረቶች በገዛ ፈቃዳቸው ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ መሐንዲስም ቀጥረው ቦይለሮቻቸውን በየጊዜው እንዲመረምር ሥልጣን ሰጡት። ሌሎች ከተሞችም አርአያውን ተከተሉ፤ ውሎ አድሮም መንግሥት የማኅበራቱን ምርመራ እንደ ራሱ ምርመራ አድርጎ ተቀበለው። ዛሬ ቲዩቪ በሚለው ምኅጻረ ቃል የሚታወቁት የጀርመን የቴክኒክ መርማሪ ድርጅቶች የዚያ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው።

ይህን ታሪክ ማስቀደማችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የአውሮፓ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸውና ለኅብረተሰቡ ስላለባቸው ኃላፊነት ኅብረት መፍጠር በጀመሩ ጊዜ፣ የማንሃይም ሰዎች መልስ ያገኙለት ጥያቄ እንደገና ተነሥቶአል። ይኸውም፦ ባለንብረቱ በፈቃዱ የገባውን ቃል መፈጸሙን ማን ይመረምራል? የሚለው ነው።

የዘመናችን ኅብረቶች የተወለዱት ከሥራ አጥነት ነው። በብሪታንያ በ1981 በለንደኑ የብሪክስተን ሠፈር፣ ቀጥሎም በሊቨርፑሉ የቶክስቴዝ ሠፈር ብርቱ ሁከት ተነሣ። በ1982 መጀመሪያ የሥራ አጡ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት አንዳንድ ታላላቅ ኩባንያዎች፣ በዙሪያቸው ያለው ከተማ ሲፈርስ ንግዳቸው ብቻውን ሊቆም እንደማይችል ተገንዝበው፣ ቢዝነስ ኢን ዘ ኮሚዩኒቲ የተባለውን ኅብረት መሠረቱ። አባል ኩባንያዎች ልምድ ያላቸውን ሠራተኞች ለአካባቢ የልማት ድርጅቶች በውሰት ይሰጡ፣ አነስተኛ ነጋዴዎችንም ይረዱ ነበር። በፈረንሳይ በ1986፣ በኢጣሊያ ደግሞ በ1995 በሚላኖ ሶዳሊታስ በሚል ስም፣ ተመሳሳይ ዓላማ ያላቸው ማኅበራት ተቋቋሙ።

እነዚህን ጅረቶች ወደ አንድ ወንዝ ለማግባት የሞከሩት የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ዣክ ደሎር ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሥራ ባጣበት በዚያ ወቅት፣ በ1995 መግቢያ፣ የሥልጣን ዘመናቸው ሊያበቃ ሲል፣ ከኩባንያ መሪዎች ጋር ሆነው ሰዎችን ከኅብረተሰቡ የሚያገልለውን ችግር የሚቃወም መግለጫ አወጡ። በ1996 መግለጫው ብራስልስ ላይ ወደ ቋሚ ኅብረት ተለወጠ፤ ኅብረቱም በ2000 ሲ ኤስ አር ዩሮፕ ተባለ። በየአገሩ ያሉት ማኅበራት በእርሱ አማካይነት ተያያዙ።

በመጋቢት 2000 በሊዝበን የተሰበሰቡት የአውሮፓ መሪዎች ለኩባንያዎች የኃላፊነት ስሜት ጥሪ አቀረቡ። ኮሚሽኑም በ2001 ባወጣው አረንጓዴ ሰነድ ማኅበራዊ ኃላፊነትን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ተግባር ሲል ተረጐመው። ከዚህ የተነሣ ክርክር ተፈጠረ። ከ2002 እስከ 2004 በተካሄደው የጋራ ጉባኤ አሠሪዎች በፈቃደኝነት ላይ ጸኑ፤ የሠራተኛ ማኅበራትና የሕዝብ ድርጅቶች ግን ቃሉን የሚያስጠብቅ ደንብ ይኑር ብለው ተከራከሩ። በ2006 ኮሚሽኑ ከኩባንያዎች ጋር ጥምረት ሲመሠርት ሚዛኑ ወደ ፈቃደኝነት አጋደለ።

ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ግን ይህን ክርክር ከጉባኤ አዳራሽ አወጣው። ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ አጠገብ በሳቫር የሚገኘው ባለ 8 ፎቅ ራና ፕላዛ ተደረመሰ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎችም አለቁ። ሕንፃው ላይ ያለፈቃድ ፎቆች ተጨምረውበት ነበር። በዋዜማው ግድግዳው ሲሰነጠቅ በሕንፃው የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ለአውሮፓ ገበያ ጭምር ልብስ የሚሰፉት ፋብሪካዎች ግን በማግሥቱ ሠራተኞቻቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። ከፋብሪካዎቹ ሁለቱ በአንድ የአውሮፓ ነጋዴዎች ኅብረት ደንብ መሠረት አስቀድመው ተመርምረው ነበር። ያ ምርመራ ስለ ሥራ ሁኔታ ይጠይቅ እንደሆነ ነው እንጂ ስለ ሕንፃው አቋም አይጠይቅም ነበር። ምሰሶው ምን ያህል ጭነት እንደሚችል የጠየቀ አልነበረም።

በሚቀጥለው ወር የተፈረመው የእሳትና የሕንፃ ደኅንነት ስምምነት ከዚህ ጥፋት የተማረ ነው። ብዙዎቹ አውሮፓውያን የሆኑ ኩባንያዎች፣ በኋላም ቁጥራቸው ከ200 የበለጠ፣ ከዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ጋር በሕግ የሚያስጠይቅ ውል ገቡ። መሐንዲሶች ከ1,500 በላይ ፋብሪካዎችን መረመሩ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ፊርማው በፈቃድ ነበር፤ ከፊርማው በኋላ ግን ምርመራው በባለንብረቱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም። የማንሃይም ባለቦይለሮች ያደረጉትም ይህንኑ ነበር።

ሕጉም ከኋላ ተከተለ። በ2014 የአውሮፓ ኅብረት ከ500 በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ታላላቅ ኩባንያዎች ስለ ማኅበራዊና ስለ አካባቢ ጉዳይ እንዲዘግቡ አዘዘ። ፈረንሳይ በ2017 የጥንቃቄ ግዴታን በሕግ ደነገገች፤ በ2024 ኅብረቱ ተመሳሳይ መመሪያ አወጣ። በ2025 ግን ሸክሙን ለማቅለል ማሻሻያ ቀረበ፤ የአፈጻጸሙም ጊዜ ተገፋ። ስለዚህ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ቡናችንና አበባችን ወደ አውሮፓ ይሄዳሉ፤ የገዢዎቹም መጠይቅ ወደ እርሻችንና ወደ ፋብሪካችን ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለምርመራ ወደ አንድ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል በገባ ጊዜ፣ ስለ ሠራተኛ ደኅንነት የተጻፈ ያማረ ቃል በመስታወት ተለብጦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየ፤ ከሥሩ ያለው የደኅንነት ቫልቭ ግን በሽቦ ታስሮ ነበር። ቦይለሩ እንዲቆም ጽፎ ሲፈርም ሥራ አስኪያጁ ስለሚጓደለው ምርት አጥብቀው ወቀሱት። በሦስተኛው ቀን ሽቦው ተፈትቶ ቫልቩ ተለወጠ።

የግድግዳው ጽሑፍ ሐሰት ነበር ለማለት አይቻልም፤ የጻፉት ሰዎች ከልባቸው አስበውት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጽሑፉን ከቫልቩ ጋር የሚያስተያይ ሰው እስኪመጣ ድረስ ቦይለሩን ይጠብቁ ለነበሩት ሠራተኞች አንዳች አልጠቀመም። የአውሮፓ ኅብረቶች የአርባ ዓመት ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት የኃላፊነት መጠይቅ ሲቀርብላቸው፣ ከመፈረማቸው በፊት ወደ ቦይለሩ ክፍል ይውረዱ።