የሱልጣኑ እንግዳ

በ1896 ዓ.ም. የኦቶማኑ ሱልጣን የዳግማዊ አብዱልሃሚድ መልእክተኛ ሳዲቅ ፓሻ አል ሙአየድ ወደ ሀገራችን መጡ፡፡ የደማስቆ ተወላጅ ናቸው፤ ቀደም ሲል የሰሐራን በረሃ አቋርጠዋል፡፡ እስከ ድሬዳዋ ባቡር ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በቅሎ፡፡ የሱልጣኑን ደብዳቤና ስጦታ ለዳግማዊ ምኒልክ አድርሰው ኢስታንቡል ሲመለሱ ጉዞአቸውን በቱርክኛ አሳተሙ፤ በኋላም ወደ ዐረብኛ ተተረጎመ፡፡ ስለ እኛ የጻፉትን አውሮፓውያን በየስማቸው እንጠራለን፡፡ እኚህን ሙስሊም መንገደኛ ግን ከጥቂት ተመራማሪዎች በቀር የሚያነሣቸው የለም፡፡

በዚያ ዘመን የመንግሥት እንግዳ ድርጎ ይቆረጥለታል፤ እንጀራው፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ በጉ፣ በሬው፡፡ እንግዳው ሙስሊም ሲሆንስ? ከብቱ በቁሙ ይሰጠዋል፤ የራሱ ሰው «ቢስሚላህ» ብሎ ያርድለታል፡፡ በጠጅ ፈንታ ብርዝ ይቀርብለታል፡፡ ይህ የቤተ መንግሥት ወግ ብቻ አይደለም፡፡ ዛሬም ወሎም ሆነ አዲስ አበባ የሚደግስ ክርስቲያን ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ ለብቻው ያሳርዳል፣ ድስቱንም ይለያል፡፡ ባዕድ ተመልካች ይህን ሲያይ መለያየት ይመስለው ይሆናል፡፡ እኔ ግን ለእንግዳ ከሚሰጡ ክብሮች ሁሉ ይህን የሚያህል አላውቅም፤ የማትበላውን ሥጋ፣ በማትጸልየው ጸሎት፣ በገዛ ቤትህ ማሳረድ!

ነገር ግን ያው ቢላዋ ስለት አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1912 ኦቶማኖች ሐረር ላይ ቆንስላ ከፈቱ፡፡ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ቆንስሉ ማዝሃር ቤይ ከልጅ ኢያሱ ጋር ወዳጅነት መሠረቱ፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች እንቅልፍ አጡ፡፡ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው በ1870 ዓ.ም. ክርስትና እስኪነሡ ድረስ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ አልጋ ወራሹ ከአባታቸው ወገን ዘመዶች ጋር አንድ ማዕድ ቢቀርቡ ምን ያስገርማል?

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ሐረር እንዳሉ መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ሻሯቸው፡፡ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት፡፡ ክሱ ብዙ ነው፤ መስጊድ ገብተው ሰገዱ፣ ጥምጥም ጠመጠሙ፣ ከእስላም ጋር በሉ፡፡ ጥምጥም አድርገው ያሳያሉ የተባሉትን ፎቶግራፎች የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠሯቸዋል፡፡ እኔን የሚገርመኝ ግን ሦስተኛው ነው፡፡ ለሙስሊም እንግዳ ማሳረድ ለምኒልክ ወግ ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ አብሮ ቁጭ ብሎ መጉረስ ዙፋን አሳጣ፡፡ ወጥ ቤቱ ችሎት ሆነ፡፡

ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ተያዙ፡፡ የኦቶማን መንግሥትም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ፡፡ አዲሲቱ የቱርክ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1926 አዲስ አበባ ላይ ኤምባሲዋን ስትከፍት፣ ልጅ ኢያሱ ከከተማይቱ እምብዛም በማይርቀው ፍቼ፣ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር እስረኛ ነበሩ፡፡